አባትና ልጅ ጠረጴዛ ላይ ሊዋጉ ነው፤ በየትኛው ደንብ?

ዛሬ ስለ ጦርነት ልናወራ ነው። አትደንግጡ! ደም የማይፈስበት ጦርነት ነው። መሣሪያው ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና ቁመታቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ የፕላስቲክ ወታደሮች ናቸው። ይሁንና ይህ ጨዋታ ትዳር ሲያናጋ፣ ኪስ ሲያራቁት፣ አንዳንዴም የተራራቁ ሰዎችን ሲያቀራርብ አይቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ ገጽ ጉዳይ አልወጣንም።

እኔ በምኖርበት በሰሜን እንግሊዟ የሊድስ ከተማ ነገሩ የልጆች ሳይሆን የጎልማሶች ነው። ሐኪሙ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው አስተማሪ በሳምንት አንድ ምሽት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ይሰበሰቡና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ያለቀውን ውጊያ እንደገና ይዋጋሉ። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ከጨርቁ ሥር መጽሐፍ ይሸጎጥና ኮረብታ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት አጠገቤ ለነበረው ሽማግሌ «እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም እንዴ?» ብለው «አለን እንጂ፤ እዚህ የመጣነውም ለዚሁ ነው» አለኝ።

አዲስ ነገር አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ።) የፕሩሺያ መኮንኖች በ1824 የወጣ ደንብ ይዘው ለሥልጠና ሲሉ ካርታ ላይ ይዋጉ ነበር። በሳይንስ ልብ ወለዶቹ የሚታወቀው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም በ1913 «ሊትል ዎርስ» የሚል የአሻንጉሊት ወታደር ደንብ አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ በዝቶ በዝቶ ዛሬ ለአንድ ዘመን ጦርነት ብቻ አሥራ ምናምን ዓይነት መቁጠር ይቻላል። የኛ ገበጣ ከቦታ ቦታ ደንቡ እንደሚለያይ ታውቃላችሁ። ሁለት እንግዳ ሰዎች «በናንተ አገር እንዴት ነው?» ተባብለው ካልጀመሩ ሦስተኛው ዙር ላይ መጨቃጨቃቸው አይቀርም። እዚህም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ደንቡ በገንዘብ ይገዛል። የገዛኸው ደንብ ደግሞ ስንት ወታደር እንደምትገዛ፣ ስንት ሌሊት ቀለም ስትቀባ እንደምታመሽ፣ ስንት ሰዓት ከቤት እንደምትጠፋ ይወስንብሃል። ሰው ግን ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ያማልለውና ወታደሩን አስቀድሞ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ደንብ ሲፈልግ የገዛው ሠራዊት ለአንዱ ደንብ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጁን ይመልሳል

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ባልንጀራዬ ነው። ታክሲ ነጂ ነው። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከተለያየ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሌላ አግብቶ ሁለት ሕፃናት ወልዷል። የፊተኛው ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። አባትና ልጅ የሚገናኙት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። የአባትየው እንግሊዝኛ ደግሞ የታክሲ እንግሊዝኛ ነው፤ «ወዴት? የቤት ቁጥር ስንት? ዝናቡ አስቸገረ፣ ደህና ዋል» ላይ ያበቃል። እናም ዶሮ ጥብስ ቤት ቁጭ ብለው ልጁ ስልኩን፣ አባትየው ልጁን ሲያይ ስድስቱ ሰዓት ያልቃል።

አንድ ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ልጁ ያንን የድሮ የእንግሊዝ ጦርነት ይወዳል። አንተ የምትሄድበት ቤት የሚጫወቱትን ነገር የትኛውን ልግዛለት?»

ጠይቆ ስልኩን ሊዘጋ ነበር፤ አንድ የዕቃ ስም ነግሬው የምንለያይ መስሎት። እኔ ግን «ቅዳሜ ና» አልኩት። ምክንያቱም መልሱ ብዙ ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ምሳና መንገድ ሲቀነስ የቀረችው ጊዜ ሦስት ሰዓት ናት፤ በዚያች ውስጥ የሚያልቅ መሆን አለበት። ቋንቋው አባትየውን ልጁ ፊት የሚያሳፍረው መሆን የለበትም። ወጪው የሁለቱን ሕፃናት ወተት የሚነካ መሆን የለበትም። ከሁሉም በላይ ታሪኩን የሚያውቀው ልጅ «ይኼማ እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚንቀው እንዳይሆን።

ቀስቱ አንድ፣ ሰው አንድ፣ ታዲያ ምን ለያቸው?

ስለ ጦርነቱ በአጭሩ ላውጋችሁ። ከ1455 እስከ 1487 ድረስ ላንካስተርና ዮርክ የተባሉ የአንድ ዘር ሁለት ቤቶች ለእንግሊዝ ዘውድ ተፋጁ። ከቀይና ከነጭ ጽጌረዳ ምልክት ጋር ተያይዞ በኋላ ዘመን «የጽጌረዳዎቹ ጦርነት» ተባለ። ጦሩ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ይከፈላል፤ የፊት፣ የመሐልና የኋላ። እኛ ፊታውራሪና ደጀን የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ረጅሙን ቀስት የያዙ ቀስተኞች አሉ። ቢል የሚባል፣ ጦርና ማጭድ የተዳቀሉበት የሚመስል ባለ ረጅም እጀታ መሣሪያ የያዙ እግረኞች አሉ። ከራስ እስከ እግር ብረት የለበሱ መኳንንት አሉ፤ እነሱም ብዙ ጊዜ ከፈረስ ወርደው በእግራቸው ይዋጋሉ።

እንግሊዞች ፈረንሳይ ድረስ ዘልቀው ሲዋጉ ረጅሙ ቀስት መለያቸው ነበር። እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ግን ቀስቱ በሁለቱም እጅ ነው። ቢሉም፣ ጥሩሩም እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ የደንብ መጽሐፍ ገጽ የሚፈጅበት «የማን መሣሪያ ይበልጣል?» የሚለው ሂሳብ እዚህ ብዙም አያስኬድም። ታዲያ አሸናፊና ተሸናፊውን ምን ለየው?

ኖርዝሃምፕተንን እንይ። ጁላይ 10 ቀን 1460 ላንካስተሮች ምሽግ ቆፍረው፣ መድፍ ደግነው፣ ንጉሥ ሄንሪ 6ኛን ከኋላ አስቀምጠው ይጠባበቃሉ። ዝናብ ወረደና መድፉን ከጥቅም ውጪ አደረገው። እሱስ ይሁን። የአንደኛው ክንፍ አለቃ ሎርድ ግሬይ ግን ከድቶ ኖሯል! ዮርኮች ምሽጉ ሥር ሲደርሱ የሱ ሰዎች እየሳቡ አሻገሯቸው። ነገሩ በግማሽ ሰዓት አለቀ፤ ንጉሡም ተማረከ።

ታውተን ደግሞ ከሊድስ በመኪና ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። ማርች 29 ቀን 1461፣ የፈረንጆቹ ሆሳዕና እሑድ ነበር። በረዶ ይጥላል፤ ነፋሱ የላንካስተሮችን ፊት ይገርፋል። የዮርኩ ሎርድ ፎኮንበርግ ቀስተኞቹን አስጠግቶ አስወረወረና መለስ አደረጋቸው። ላንካስተሮች በበረዶው ታውረው ሲመልሱ ፍላጻቸው ነፋሱን መብሳት አቅቶት መንገድ ላይ ቀረ። ኮሮጇቸው ባዶ ሲሆን ዮርኮች ተመልሰው መጡና የወደቀውን ፍላጻ ጭምር እየለቀሙ ወረወሩባቸው። ላንካስተሮች ቆሞ ከማለቅ ብለው ወደ ፊት ሮጡ። ቀኑን ሙሉ ከተጨፋጨፉ በኋላ የኖርፎኩ መስፍን ለዮርክ ዘግይቶ ደረሰና ሚዛኑ አጋደለ። የዘመኑ ሰዎች 28,000 ሰው ሞተ ብለው ጽፈዋል፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ቁጥሩን ይጠራጠራሉ።

ሌላ ልጨምር። ኤፕሪል 14 ቀን 1471፣ በፋሲካ ቀን፣ ባርኔት ላይ ጉሙ ሰውን ከሰው አያስለይም ነበር። የኦክስፎርዱ ኧርል ፊት ለፊቱ የነበረውን የዮርክ ክንፍ ሰብሮ እስከ ከተማው ድረስ አሳደደና ወደ ውጊያው ተመለሰ። የሱ ሰዎች ምልክት ባለ ጨረር ኮከብ ነው፤ የዮርኩ ንጉሥ ኤድዋርድ ምልክት ደግሞ ባለ ጨረር ፀሐይ። በጉም ውስጥ ማን ይለየዋል? የገዛ ወገኖቹ ጠላት መሰላቸውና ቀስት ወረወሩበት። «ክህደት! ክህደት!» ተባለና ሠራዊቱ ፈረሰ። ያን ዘመን ሁሉም ሰው ሁሉንም ይጠረጥር ስለነበር ጩኸቱን ለማመን ጊዜ አልወሰደባቸውም።

እንግዲህ የኔ መመዘኛ ከዚህ ይነሳል። ሁሉም ጭፍራ ሲታዘዝ የሚታዘዝበት፣ ፍላጻ የማያልቅበት፣ ማንም የማይከዳበት ደንብ ሽፋኑ ላይ ነጭ ጽጌረዳ ቢሳልበትም የዚህ ጦርነት ደንብ አይደለም።

ወደ ገበያው እንውጣ

አንጋፋው ዲቢኤ ነው፤ ሙሉ ስሙ በላቲን «ዴ ቤሊስ አንቲኲታቲስ» ይባላል። በ1990 የወጣ ነው። ለአንድ ወገን 12 ቁራጭ ብቻ ይበቃዋል፤ ጠረጴዛው የቡና ረከቦት ያህላል፤ በአንድ ሰዓት ያልቃል። በየተራህ አንድ ዳይስ ትጥላለህ፤ 2 ከመጣ ሁለት ነገር ብቻ ታንቀሳቅሳለህ፤ የቀረው ጦርህ ቆሞ ያይሃል። ይህ ብልህ ሐሳብ ነው፤ ለኪስም የዋህ ነው። ችግሩ አጻጻፉ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብበው ነው የሚጨቃጨቁበት! የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ይመስላል። ባልንጀራዬ ልጁ ፊት ቁጭ ብሎ ይህን ሲፈታ ታየኝና ተውኩት።

«ሄይል ሲዛር» በ2011 የወጣ ትልቅ፣ ባለ ሥዕል፣ የሚያምር መጽሐፍ ነው። የሚፈልገው ግን ረጅም ጠረጴዛና ብዙ መቶ ወታደር ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላም እንደ ማርባት ቁጠሩት። ከውስጡ ግን አንድ ዕንቁ አለ፤ አዛዡ ዳይስ ከመጣሉ በፊት ትእዛዙን በአፉ፣ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። «የመሐሉ ጦር ወንዙን ተሻግሮ ኮረብታውን ይያዝ!» ትላለህ፤ ከዚያ ትጥላለህ። ዳይሱ እምቢ ካለ ጦርህ ንቅንቅ አይልም። ያልተናገርከውን ኋላ ላይ «እንዲህ ማለቴ ነበር» ማለት የለም። ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

«ቱ ዘ ስትሮንገስት» የሚባለው በሜትር መለካትን አስቀርቶ ጠረጴዛውን እንደ ዳማ በካሬ ይከፍላል፤ በዳይስ ፈንታ ካርታ ይመዘዛል። ንጹሕ ጨዋታ ነው። «ብለዲ ባረንስ» ደግሞ ለዚሁ ለጽጌረዳዎቹ ጦርነት ተብሎ የተጻፈ ሲሆን ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሽር ጉድ ያጫውታል። እወደዋለሁ። ይሁንና ለሦስት ሰዓት ቅዳሜ መቅድሙ ራሱ ጊዜ ይበላል።

ለትልልቆቹ ውጊያዎች እኔ የምመርጠው «ኔቨር ማይንድ ዘ ቢልሁክስ»ን ነው። በ2020 ከአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ጋር የወጣ ሲሆን ኋላ ተስፋፍቶ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል። የሁለቱም ወገን አለቆች ካርታ አንድ ላይ ይበወዛል፤ የማን ካርታ እንደሚወጣ አታውቅም። የግራ ክንፍህ አለቃ ካርታ እስኪመጣ ክንፍህ ሲያልቅ እያየህ ትቀመጣለህ። ፍላጻም ተቆጥሮ ነው የሚሰጥህ። ያለ ሐሳብ የወረወረ ቀስተኛ እንደ ታውተን ላንካስተሮች ባዶ እጁን ይቀራል። አጻጻፉ ሰው ለሰው እንደሚያወራው ነው። ነገር ግን ለአንድ ወገን ወደ መቶ የሚጠጋ ወታደር ይፈልጋል። የፔሪ መንትዮች የሚያወጡት የዚህ ዘመን እግረኛ ሳጥን 40 ሰው ይዟል። ሁለት ወገን ሲሆን አምስት ሳጥን ገዝቶ፣ ገጣጥሞ፣ ቀብቶ ማለት ነው። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ያልቃል።

ስለዚህ ለጀማሪው አባት ያልኩት «ላየን ራምፓንት» ነው። በ2014 ወጥቶ በ2022 የታደሰ ነው። አንድ ጭፍራ 12 ወይም 6 ሰው ነው፤ ለአንድ ወገን ከሃምሳና ስድሳ ሰው አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ሁለት ዳይስ ጥለህ የተፈለገውን ቁጥር ካላመጣህ ጭፍራው አልታዘዘም ማለት ነው፤ ተራውም ወደ ባላጋራህ ያልፋል። ደግሞ ምን አለበት መሰላችሁ? ፉከራ! አለቃው ከውጊያው በፊት «ዛሬ እንዲህ ባላደርግ!» ብሎ ይፎክራል፤ ከፈጸመ የክብር ነጥብ ያገኛል፤ ካልፈጸመ ይቀነስበታል። ባልንጀራዬ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ።

እርግጥ ነው ደንቡ ለትልቅ ውጊያ አልተሠራም፤ ለወረራና ለሰፈር ጠብ ነው። ግን የዚያ ዘመን እንግሊዝ የሰፈር ጠብ መች ቸግሯት! በ1453 ዮርክ ከተማ አጠገብ ሂወርዝ ላይ የፐርሲ ቤት ሰዎች የኔቪል ቤት ሰርገኞችን መንገድ ላይ ጠብቀዋቸዋል። ሙሽሪት መሐል ናት! በ1470 ደግሞ ሁለት መኳንንት፣ በርክሊና ላይል፣ በውርስ ርስት ተካሰው ተካሰው መረራቸውና ኒብሊ ግሪን በተባለ ቦታ የየራሳቸውን ጦር ይዘው ተገናኙ። ወጣቱ ላይል ፊቱ ላይ በፍላጻ ተመትቶ ሞተ። በእንግሊዝ አገር መኳንንት በግል ጦራቸው የተዋጉበት የመጨረሻው ውጊያ ነው ይባላል። ሠላሳ ሰው ለአንድ ወገን አሰልፎ ይህንን መጫወት ይቻላል።

በቆርኪ ጀመርን

ወታደር ግን አላስገዛሁትም። «ቆርኪ ሰብስብ» አልኩት። በልጅነታችን የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን ያልተዋጋን ማን አለ? ቀዩ ላንካስተር፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ዮርክ። አንድ ቆርኪ አንድ ሰው ነው። ይህን ምክር ለማንም ጀማሪ እሰጣለሁ። ሦስት ጊዜ በቆርኪ ተጫውተህ ያልሰለቸህን ደንብ ግዛ፤ ከዚያ ወታደሩን በልኩ ግዛ። ከሱቅ የወጣ ሳጥን ተከፍቶ ከተቆረጠ ወዲያ መልስልኝ አይባልም፤ ሚስት ደግሞ ደረሰኙን ታገኘዋለች።

ሁለተኛው ያደረግነው ያቺን የ«ሄይል ሲዛር»ን ዕንቁ መዋስ ነው። ደንብ ከደንብ መቀላቀል በዚህ ሙያ ነውር የለውም፤ ባላጋራህ አስቀድሞ ይስማማ እንጂ። እናም አባትየው ትእዛዙን በአማርኛ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አንዱ የሌላውን ካልገባው ያስተረጉማል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ «ቀስተኞች» የሚለውን ቃል ያዘ። በሦስተኛው ቅዳሜ አባቱ «ደጀኑ ይምጣ!» ሲል ልጁ ሳይተረጎምለት ወደ ጠረጴዛው ዳር አየ። ደጀኑ ከየት እንደሚመጣ ገብቶታላ!

ሦስተኛው ክህደት ነው። «ላየን ራምፓንት» ውስጥ የሎርድ ግሬይ ቦታ ስለሌለ እኔ አንድ ቀላል ነገር ጨመርኩበት። ከንጉሡ ቀጥሎ ላለው ለያንዳንዱ አለቃ አንድ የመጫወቻ ካርታ ተገልብጦ ከሥሩ ይቀመጣል፤ የሚገለጠው መጀመሪያ «ግፋ!» የተባለ ጊዜ ነው። ቀይ ከሆነ ይታዘዛል። ጥቁር ቁጥር ከሆነ ሁለት ተራ ቆሞ ያመነታል። ጥቁር ንጉሥ ከወጣ ይከዳል፤ ከነሰዎቹ ይሻገራል። ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ትልቅ ነው። ሰው የራሱን ክንፍ ማዘዝ ይፈራል! የዚያ ዘመን ነገሥታት የኖሩት እንደዚህ መሆን አለበት።

ስታንሊ የሆነ ዕለት

ከዚያ ልጁ ቦስዎርዝን ካልተጫወትን አለ። ኦገስት 22 ቀን 1485፣ ሪቻርድ 3ኛ ዘውዱንም ነፍሱንም ያጣበት ነው። ልጁ የሪቻርድን ነገር አጥብቆ ያውቃል፤ አፅሙ በ2012 ሌስተር ከተማ የመኪና ማቆሚያ ሥር መገኘቱን፣ በ2015 በካቴድራሉ በክብር መቀበሩን ነገረን። እኔም በበኩሌ አንድ ነገር አስጠነቀቅሁት። ከ2010 በፊት በታተሙ የጨዋታ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን የቦስዎርዝ ካርታ አትመን። ከ2009 ጀምሮ ይፋ በሆነው ጥናት ውጊያው ይነገርለት ከነበረው ከአምቢየን ኮረብታ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ፣ ሜዳማና ረግረግ መሬት ላይ እንደተደረገ ታውቋል። ከሠላሳ በላይ የመድፍ ጥይት ከመሬት ወጥቷል። ኮረብታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳነው።

የቦስዎርዝ አስቸጋሪው ነገር ግን መሬቱ አይደለም፤ ስታንሊ ነው። ሎርድ ቶማስ ስታንሊና ወንድሙ ሰር ዊልያም ሠራዊታቸውን ይዘው ዳር ቆመው ነበር። በመጨረሻ ሪቻርድ በቀጥታ ሄንሪ ቱዶር ላይ ሲጋልብ፣ ባንዲራ ተሸካሚውን እስከ መግደል ሲደርስ፣ የዊልያም ሰዎች ገቡና ሪቻርድ ወደቀ። ይህን እያወቀ የሪቻርድ ተጫዋች ስታንሊን ማን ያምናል? ካርታ ብትገለብጥም ዳይስ ብትጥልም ታሪኩን ያነበበ ሰው አይታለልም። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስታንሊን የሚጫወት፣ የራሱ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ሰው ማስቀመጥ። እኔ ሪቻርድ ሆንኩ፤ ልጁ ሄንሪ ሆነ፤ ስታንሊነቱ ለባልንጀራዬ ደረሰው።

ልጁ የቤተሰቡን ጉዳይ ያስረዳው ጀመር፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጁ። ስታንሊ የሄንሪን እናት ያገባ እንጀራ አባቱ ነው። የስታንሊ የገዛ ልጅ ሎርድ ስትሬንጅ ደግሞ በሪቻርድ እጅ ታግቷል። ሪቻርድ «ካልመጣህ ልጅህን እገድለዋለሁ» ብሎ ላከበት፤ ስታንሊም ሌሎች ልጆች አሉኝ ብሎ መለሰ፤ እየተባለ ይተረካል።

ባልንጀራዬ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ደገመለት። ቀና ብሎም አላየውም፤ ቆርኪ እየደረደረ ነበር።

ትንሽ ዝም ተባለ። «ልጁስ ምን ሆነ?» አለኝ ባልንጀራዬ፣ ወደኔ ዞሮ፣ በአማርኛ። «ተረፈ» አልኩት፤ «ትእዛዙ አልተፈጸመም። ያ አባባልም ኋላ የተተረከ ነው፤ ይበለው አይበለው የሚምል የለም።» ይህን ለልጁም በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ብዕር አነሳና ወረቀት ላይ ደንብ ጻፈ። ስታንሊ ሪቻርድን ከወጋ ሪቻርድ ዳይስ ይጥላል፤ 5 ወይም 6 ከመጣ የታገተው ልጅ ይሞታል፤ ልጁ ከሞተ ሄንሪ ቢያሸንፍም ስታንሊ ተሸናፊ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ የጻፈው ይህ ነው። የገበያው መጻሕፍት ክህደትን በካርታና በዳይስ ሲያስቡት፣ ልጁ ግን ሰውዬው ምን እንደሚያጣ ጠየቀ። እኔ ይህን ያህል ዓመት ስጫወት እንዲህ ያለ ደንብ አላየሁም።

ጨዋታው ተጀመረ። ሄንሪ ሰው አነሰው፤ እኔ በቀኝም በመሐልም እየገፋሁ ሄድኩ። ልጁ «ስታንሊ!» ይላል። ባልንጀራዬ እጁን ቆርኪዎቹ ላይ እንደጫነ ነው። አንድ ተራ፣ ሁለት ተራ፣ አራት ተራ አለፈ። «አባዬ፣ ና!» አለ ልጁ በመጨረሻ፤ በአማርኛ።

ሰውዬው ወረቀቱን አንስቶ አገላበጠ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ስታንሊ ነው አይደል? ወንድምየው የሚል የለም። ወንድሜን ልኬ እኔ ከዚህ ባልነቃነቅስ?» አለኝ።

ተረጎምኩለት። ልጁ ከመቀመጫው ተነሳ። ወንድምየውም ስታንሊ ነው፣ ያው ቤት ነው፣ ማጭበርበር ነው! አባትየው «አልተጻፈም!» አለ። ልጁ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ!» አለ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ጣት እየጠቆሙ። መተርጎሜን ተውኩና ሻይ ላፈላ ወጣሁ፤ ውሃው ፈልቶ፣ ሻይ ወጥቶ፣ ጠጥቼም ስመለስ አላለቀላቸውም። ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኖ ነበር።

የተስማሙት በዚህ ነው። ወንድምየው መግባት ይችላል፤ ዳይሱ ግን ይጣላል፤ ልጁ የሚሞተው 6 ብቻ ከመጣ ነው። ባልንጀራዬ ዊልያምን ላከ። እኔ ዳይሱን ጣልኩ፤ 4 ወጣ። በሚቀጥለው ተራ ሪቻርድ ወደቀ። ልጁ የተሻሻለውን ደንብ ከመጀመሪያው ሥር በእንግሊዝኛ ጻፈና ወረቀቱን ለአባቱ ገፋለት፤ አባትየው ከሥሩ በአማርኛ ጻፈው። ወረቀቱ አሁን በልጁ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቆርኪዎቹ እኔ ዘንድ አሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቱክስበሪን አስበዋል፤ እዚያ ደግሞ ንጉሥ ኤድዋርድ ጫካ ውስጥ ያስደበቃቸው 200 ፈረሰኞች ስላሉ ባልንጀራዬ ከሥራ ሲወጣ አረንጓዴ ቆርኪ ፍለጋ እየዞረ ነው።